ሰባት ዲግሪ ዘመም ያለ ፊደል

ፊደሌን ሰው ሲያደንቅልኝ ጥርሴን ነክሼ ነው የምሰማው። እናንተም ሳታዩት አልቀራችሁም፤ በየአውቶቡስ ማቆሚያው፣ በየሊፍቱ በር፣ በየሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አለ። ወፍራም ነው፤ ጫፎቹ ላይ ጌጥ የሚባል ነገር የለውም፤ ወደ ቀኝ ትንሽ ዘመም ይላል። “ተጠንቀቁ” የሚላችሁ እሱ ነው። “ዛሬ አይሠራም” ብሎ ከደጅ የሚመልሳችሁም እሱ ነው። የሙያ ጓደኞቼ ባገኙኝ ቁጥር “ያቺን አዘማመም ግን እንዴት አገኘሻት?” ይሉኛል። ሰባት ዲግሪ ናት። ከዚያ ብታልፍ ፊደሉ የሚሮጥ ይመስላል፣ ብታንስ ደግሞ ተገትሮ ይቀራል እያሉ የገዛ ሥራዬን ለእኔው ያስረዱኛል። እኔም ራሴን ነቅንቄ አልፋለሁ። እንዴት እንዳገኘኋት ብነግራቸው ዳግመኛ አያነሱብኝም ነበር።

እናቴ የማተሚያ ቤት አራሚ ነበረች። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የሰው ስህተት ስትለቅም ኖራ በጡረታ ወጣች። አራሚ ማለት ከእጅ ጽሑፉ ላይ አንድ መስመር አንብቦ፣ በጭንቅላቱ ይዞ፣ ከታተመው ጋር የሚያስተያይ ሰው ነው። እናቴ ግን በመስመር በመስመር መሄዱ ያንቀራፍፈኛል ትል ነበር። ገጹን እንዳለ ትውጠውና ከዚያ ወደታተመው ትዞራለች። የዋጠችው ገጽ ደግሞ በቀላሉ አይለቃትም። ልጅ ሆኜ፣ እራት ላይ የውሃ ፓምፕ አጠቃቀም መመሪያ ከነማስጠንቀቂያው በቃሏ ስትወጣው ትዝ ይለኛል፤ ቤታችን ፓምፕ ኖሮ አያውቅም። አባቴ ማንኪያውን አስቀምጦ “ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ክዳኑ አይከፈትም ነው ያልሽኝ?” እያለ ያሾፍባት ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ ቤቱ ውስጥ የሚያሾፍባት ሰው አልነበረም።

ፊደል ማየት ያስተማረችኝ እሷ ናት። ከሙያው ጋር ክፉ አመልም ተረፈኝ፤ ሰው ሲያናግረኝ ፊቱን ትቼ ከጀርባው የተሰቀለውን ሰሌዳ ነው የማየው። ባሌ የነበረው ሰውዬ ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ “አንድ ቀን እንኳ ብታዪኝ” ብሎኝ ነበር። የዚያን ቀን ፊቱ ምን ይመስል እንደነበር ብትጠይቁኝ አላውቅም። ሻንጣው ላይ የተለጠፈው ወረቀት በምን ዓይነት ፊደል እንደተጻፈ ግን ዛሬም እነግራችኋለሁ።

ሥራው የመጣው ከከተማው አውቶቡስ ድርጅት ነው። ሰሌዳዎቻቸውን በሙሉ ሊቀይሩ ነበርና ሦስት የአንድ ቤት ልጆች የሚመስሉ ፊደሎች እንድሠራላቸው ጠየቁኝ፤ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ መካከለኛ፣ አንዱ ደግሞ ወፍራም ሆኖ ዘመም ያለ። በሁለቱ የማቆሚያ ስምና የሰዓት ዝርዝር ይጻፍባቸዋል፤ ሰው ተረጋግቶ ያነባቸዋል። ሦስተኛው ግን በጥድፊያ የሚሄደውን ሰው ክንዱን ይዞ የሚያስቆም ነው። መስመር ሲቀየር፣ በር ሲዘጋ፣ ማቆሚያ ሲነሳ የሚነገረው በሱ ነው። የድርጅቱ መሐንዲስ “ስንት ሜትር” የሚል ቅጽል ስም የወጣለት ሰው ነበር፤ ምንም ብታሳዩት “ከስንት ሜትር ይነበባል?” ነው የሚላችሁ። ሁለቱን በሦስት ወር ውስጥ አስረከብኩት። ከሦስተኛው ጋር ሁለት ዓመት ታገልኩ።

ፊደልን ዘመም ማድረግ ለማያውቀው ሰው ቀላል ይመስለዋል። ኮምፒዩተሩን እዘዙት፣ ባንዴ ጋደል ያደርግላችኋል። ያ ፊደል ግን ተገፍትሮ ሊወድቅ የደረሰ ሰው ነው የሚመስለው፤ አንዱ ጎኑ ያብጣል፣ ሌላው ይከሳል፣ ክቡ ይጣመማል። እያንዳንዱን እንደገና መሳል ነው መፍትሔው። ሲወፍር ደግሞ የፊደሉ ሆድ፣ በመስመሮቹ መሃል ያለው ክፍት ቦታ፣ ይጠባል። መ፣ ፀ እና ጨ በቅርብ ሲያዩዋቸው ደህና ናቸው፤ ከሩቅ ግን ሆዳቸው ተዘግቶ ጥቁር ጓል ይሆናሉ። ከውፍረቱ ስቀንስለት ጉልበት ያጣል፣ ስጨምርለት ይታፈናል። አዘማመሙን የጀመርኩት በአሥራ ሁለት ዲግሪ ነበር፤ እሱ ነው የሚያስቸኩለው ብዬ ስላሰብኩ።

ለሙከራ አንድ ወረቀት አዘጋጀሁ። አሥራ ሁለት መስመር ነው፤ ሁሉም አውቶቡስ ላይ የሚጻፉ ማሳሰቢያዎች ናቸው። “ከበሩ ራቁ።” “መስመሩ ተቀይሯል።” “እባክዎ በኋላው በር ይግቡ።” እያለ ይቀጥላል። ወረቀቱ በየሳምንቱ በአዲስ መልክ ይታተማል፣ ቃሉ ግን አይነካም። ፊደሉ ተሻሽሎ እንደሆነ ለማወቅ ቃሉ ያው መሆን አለበት፤ ሁለቱን አብሮ የሚቀይር ሰው ምኑ እንደተሻሻለ አያውቅም። በእኛ ሙያ ጀማሪም የማይስተው ነገር ነው፤ እኔም ኮርቼበት ነበር።

አንባቢዬ እናቴ ነበረች። ሐሙስ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤቷ እሄዳለሁ። ሻይ አፍልታ ትጠብቀኛለች። ወረቀቱን ሳሎኑ ግድግዳ ላይ፣ ድሮ የቀን መቁጠሪያ ይሰቀልበት የነበረው ቦታ ላይ፣ በፕላስተር እለጥፈዋለሁ። ወንበሯ ከመስኮቱ ሥር፣ ከግድግዳው ሰባት እርምጃ ላይ ነው። እኔ ከወረቀቱ በስተቀኝ ደብተሬን ይዤ እቆማለሁ። ቀኑን፣ አዘማመሙን፣ ውፍረቱን፣ የተሳሳተችውን ብዛት፣ ስታነብ ያየሁባትን ነገር ሁሉ እመዘግባለሁ።

መጀመሪያ ላይ ምሕረት አልነበራትም። “ይሄ ዘ ምን ጠጥቶ ነው?” ትለኛለች። “ይሄን መ አስተኚው፣ ዓይኑ እየተከደነ ነው።” “ላ ደግሞ አንድ እግሩን አንስቶ የት ሊሄድ ነው?” እየሳቅኩ እጽፋለሁ። እውነቷን ነበር፤ ላን ያስተካከልኩት እሷ ከተናገረች በኋላ ነው። ስጨርስ “ሻይሽ ቀዘቀዘ” ትለኛለች፣ እኔ ደግሞ “እየቸኮልኩ ነው እማዬ” ብዬ ቆሜ ጨልጬው እወጣለሁ።

በዘጠነኛው ወር ግድም አንድ ነገር ጀመራት። ወረቀቱን ስለጥፍ ራሷን ወደ ግራ ዘንበል ታደርጋለች። አነባበቧም ተበላሸ፤ አንድ ሐሙስ አራት ቃል ሳተች፣ በቀጣዩ ስድስት። እኔ ሌላ ሰው ብሆን ኖሮ ምን ሆነሽ ነው እላት ነበር። እኔ ግን ፊደል ሠሪ ነኝ። ሰው ዘመም ያለ ፊደል ሲያስቸግረው አብሮት ዘንበል ይላል፤ የተንጋደደ ሥዕል ሲያይ አንገቱን እንደሚያጋድለው ማለት ነው። አዘማመሙ በዝቶባታል ብዬ ደመደምኩ። ወደ አሥር ዲግሪ ዝቅ አድርጌ ተመለስኩ። ያን ሐሙስም ራሷ ወደ ግራ ነበር፣ ስህተቷም ስድስት። ደብተሬ ላይ እንዲሁ አድርጌ ጻፍኩት።

በዚያው ቀን ነው የተናገርኩት።

“እማዬ፣ ምን ነካሽ? ባለፈው ወር አንድ ያልሳትሽውን!”

“እንጃ። ደክሞኝ ይሆናል።”

“ከደከመሽ ተይው በቃ። ቢሮ ሥራ ፈት ሞልቷል፣ ለነሱ አስነብባለሁ። ከተማውን አቋርጬ የምመጣው ለዚህ ነው እንዴ?”

የሻይ ብርጭቆዋን በሁለት እጇ ያዘች። ቁጣዬ ቶሎ ይመጣል፣ ቶሎ ይሄዳል፤ እኔ ወዲያው ረሳሁት። እሷ ግን ቆየት ብላ “እኔ እያለሁ?” አለችኝ። ወረቀቱን ልነቅለው ስል ደግሞ “ተይው። እስከ ሐሙስ እዚሁ ይዋል፣ በቅርብ ደህና አድርጌ ልየው” አለችኝ።

ተውኩላት።

በሳምንቱ አሥራ ሁለቱንም መስመር እንደ ውሃ ጠጣቻቸው። አንድ ቃል አልሳተችም፣ አንድ ቦታ አላመነታችም። የደስታ ጩኸት ጮህኩ። አሥር ዲግሪው ሠራ ማለት ነው አልኩ። ራሷ ግን አሁንም ወደ ግራ ያጋደለ ነበር፤ ስለዚህ ዘጠኝ አደረግሁት። ከዚያ ስምንት ተኩል። ከዚያ ስምንት። ስህተት ከዚያ ወዲያ የለም፤ ደብተሬ ገጽ በገጽ “ስህተት፦ የለም” ይላል። አልፎ አልፎ “ዛሬ ጥቁረቱ በዝቷል” ትለኛለች፣ ከውፍረቱ እቀንሳለሁ። “አሁን አየር አገኘ” ስትለኝ እተወዋለሁ። ራሷን ቀጥ እስክታደርግ ድረስ ፊደሉን ቀጥ ማድረጌን ቀጠልኩ። አንድ ሐሙስ ዝናብ ነበርና የልብስ ማስጫውን ወደ ሳሎን አስገብታው በስተቀኝ ያለውን ቦታ ስለያዘብኝ ከወረቀቱ በስተግራ ቆምኩ። የዚያን ቀን ራሷን ያዘነበለችው ወደ ቀኝ ነው። ጻፍኩትና አጠገቡ የጥያቄ ምልክት አደረግሁበት። ከዚያ ገጹን ገለጥኩ።

ሰባት ዲግሪ ላይ ስደርስ ደከመኝ። ከዚህ ዝቅ ካለ ዘመም አለ ብሎ የሚያውቅለት ሰው አይኖርም፤ በቃ ብዬ አቆምኩ። ለመሐንዲሱ ለስንት ሜትር ባቀረብኩት ዘገባ ላይ “አንባቢዋ የሰባ ሁለት ዓመት ሴት ናቸው፤ ለአሥራ አራት ወራት አንድም ስህተት አልፈጸሙም” ብዬ ጻፍኩ። ስንት ሜትር ዘገባውን ሁለት ጊዜ አነበበው። “እኚህን ሴትዮ ማየት እፈልጋለሁ፤ የእኔ ሚስት በአርባ ዓመቷ መርፌ ውስጥ ክር አታስገባም” አለኝ። ሳቅን። ፊደሉም ሄዶ ሰሌዳ ላይ ወጣ።

ሥራው ሲያልቅ ሐሙስም አለቀ። እናቴን ስለማልወዳት አይደለም፤ ደብተር ሳልይዝ እሷ ቤት ሄጄ ምን እንደምሠራ አላውቅም ነበር። በስልክ ትጠይቀኛለች።

“የሚነበብ የለም?”

“የለም እማዬ። አስረከብኩት እኮ።”

“አዲስ ነገር አልጀመርሽም?”

“ስጀምር እመጣለሁ።”

እንዲህ ነበር ያልኳት። ቃል በቃል።

ከሦስት ወር በኋላ፣ ቢሮ ተቀምጬ ሳለ፣ ከእናቴ ስልክ ተደወለ፤ ሳነሳው ድምፁ የወንድ ነው።

“እህቴ፣ አትደንግጪ። እኔ እዚህ ማቆሚያው ፊት ለፊት ጫማ የምጠግን ሰው ነኝ። እናታችን እዚህ ተቀምጠዋል። ከሰባት ሰዓት ጀምሮ አያቸዋለሁ፣ ሰው የሚጠብቁ መስሎኝ ዝም አልኩ። አሁን ግን አሥር ሰዓት ሊሆን ነው፣ ብርድም ነው።”

“አውቶቡስ የለም እንዴ?”

“ማቆሚያው እኮ ተነስቷል። ሰሌዳውን አላዩትም ወይ ብላቸው ‘የልጄ ፊደል ነው፣ እንዴት አላየውም?’ ብለው ተቆጡኝ። ግን አይነሱም። ስልካቸውን ለምኜ ነው የደወልኩልሽ።”

በታክሲ በረርኩ። ማቆሚያው ከእናቴ ቤት ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም፤ አንድ የብረት ምሰሶ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ከኋላው ረጅም የድንጋይ አጥር፣ ሌላ ምንም የለም። እናቴ የክት ካፖርቷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ከራሷ በላይ ሰሌዳው አለ። “ይህ ማቆሚያ ተነስቷል። አውቶቡስ ከድልድዩ ማዶ ያገኛሉ።” ወፍራም፣ ዘመም ያለ፣ የእኔ።

አሁን የምናገረውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ከታክሲው ስወርድ መጀመሪያ ያየሁት ሰሌዳውን ነው። ጥሩ ተሰቅሏል፣ መ ከሩቅ ሆዱ ክፍት ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ነው እናቴን ያየኋት።

“እማዬ! ሦስት ሰዓት ሙሉ? ከራስሽ በላይ ተጽፎ? አላየሽውም?”

“አየሁት እንጂ።”

“እና ምን ይላል?”

ቀስ ብላ ተነሳች። ወደ ሰሌዳው ዞረች። ራሷን ወደ ግራ ዘንበል አደረገች፣ ከዚያ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ተመልሳ ወደ ግራ። ጫማ ጠጋኙ መዶሻውን አስቀምጦ ያያታል። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ እንደሚቆጥር ሰው ነበር።

“ከበሩ ራቁ” አለች።

እዚያ በር የሚባል ነገር የለም። አንድ ምሰሶና አንድ አጥር ነው ያለው። ከወረቀታችን ላይ፣ ከአሥራ ሁለቱ መስመሮች፣ አንዱን መርጣ ነው የነገረችኝ። እሷ ከተነሳችበት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ እሷም አጠገቤ ተቀመጠች። ጫማ ጠጋኙ አቀርቅሮ ሥራውን ቀጠለ፤ እግዜር ይስጠው።

“ወዴት ልትሄጂ ነበር?” አልኳት፣ ሌላ የምለው ሲጠፋኝ።

“ወዳንቺ ነዋ። ሐሙስ አይደል?”

የዓይን ሐኪሟ ወጣት፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። እናቴን ጨለማ ክፍል ውስጥ ለረጅም ጊዜ አየቻት፣ ከዚያ ሁለታችንንም አስቀምጣ አስረዳችን። የሁለቱም ዓይኖቿ መሃል ሞቷል። ዳር ዳሩ ግን ደህና ነው። ለዚህ ነው ማንም ያላወቀባት፤ ትራመዳለች፣ ሻይ ትቀዳለች፣ ዕቃ አትገጭም። አተኩራ የምታየው ነገር ብቻ ነው የሚጠፋባት።

“ፊደልና ፊት ነው የሚቸግራቸው” አለችኝ ሐኪሟ።

“ፊት?”

“ፊት።” ከዚያ ወደ እናቴ ዞር ብላ “እናቴ፣ ይሄ ነገር ሲጀምርዎት ለምን አልመጡም? በጊዜው ቢሆን ቢያንስ ግራ ዓይንዎን በመርፌ ማትረፍ ይቻል ነበር” አለቻት።

እኔ ነኝ “በጊዜው ማለት መቼ ነው?” ብዬ የጠየቅሁት።

“ከዓመት ከመንፈቅ በፊት። አንዳንዴ ምልክት ይኖራል፤ ለምሳሌ ሲያነቡ ራሳቸውን ዘንበል ማድረግ፣ በዳር በኩል ለማየት መሞከር፣ ቃል መሳት። ቤት ውስጥ ያስተዋለ ሰው አልነበረም?”

ደብተሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ቢሮ ስሆንም ቤት ስሆንም አልለየውም። አወጣሁና ገጹን ፈለግሁ። “ሐሙስ። አሥር ዲግሪ። ስህተት ስድስት። ራሷን ወደ ግራ አዘነበለች።” ቀኑን ቆጠርኩ፤ ልክ ዓመት ከመንፈቅ ነው። ሐኪም መጻፍ የነበረበትን ነገር እኔ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ፣ ግን ስለ ፊደል የጻፍኩ መስሎኝ ነበር። ደብተሩን ለሐኪሟ ሳሳያት አንብባ ዘጋችውና መለሰችልኝ።

ለስንት ሜትር እውነቱን ነገርኩት። አንባቢዬ አታይም ነበር፣ ዘገባዬ ውሸት ነው፣ ፊደሉን መልሱልኝ አልኩት። ሰውዬው ደግ ነው፤ ተደናገጠ። ሰዎች አሰባስቦ፣ ሜትሩን ይዞ ወጣና ራሱ አስነበባቸው። በሳምንቱ ደውሎ “ከሠላሳ ሜትር ይነበባል። ከእስካሁኑ ሁሉ ይበልጣል። ምኑን ልመልስልሽ?” አለኝ። ቢበላሽ ይሻለኝ ነበር። የሚነቀል ሰሌዳ፣ የምከፍለው ቅጣት፣ የሚጮህብኝ ሰው ቢኖር እንዴት ደስ ባለኝ። ፊደሉ ደህና ሆኖ ቀረ፣ የእናቴ ዓይን ጠፋ።

ከእናቴ ጋር የተነጋገርነው በሌላ ሐሙስ ነው። ባዶ እጄን ሄድኩ። ሻይ ቀዳችልኝ፤ ልክ የብርጭቆው አፍ ላይ ሲደርስ አቆመችው፣ አንድ ጠብታ አላፈሰሰችም። ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። እኔ ተቆጥቼ ነበር፤ ስፈራ መቆጣት እንጂ ሌላ አላውቅም።

“ለምን ዋሸሽኝ?”

“የቱን ዋሸሁሽ? የተጻፈውን ነው ያልኩሽ። አንድ ቃል ስቻለሁ?”

“እማዬ!”

“እሺ፣ እሺ።” ብርጭቆዋን አስቀመጠች። “ያን ቀን ለቢሮ ሥራ ፈቶች አስነብባለሁ አልሽኝ። ሥራ ፈቶቹ ካነበቡልሽ እኔ ጋ ምን ልትሠሪ ትመጫለሽ? ወረቀቱን አስቀረሁት። በማተሚያ ቤቱ አጉሊ መነጽር አንድ ሳምንት ሙሉ ቃል በቃል ለቀምኩት። ድሮ አንድ ገጽ ለመዋጥ አምስት ደቂቃ ይበቃኝ ነበር፤ አሥራ ሁለት መስመር አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። ግን ገባልኝ።”

“እና ‘ጥቁረቱ በዛ’ ያልሽኝስ? ‘አየር አገኘ’ ያልሽኝ?”

“ጥቁረቱንማ አየዋለሁ። ምን እንደሆነ ነው የማላውቀው።” ትንሽ ፈገግ አለች። “ሠላሳ አራት ዓመት የሠራሁበት አይደል፣ ትንሽማ እውቀት ይኖረኛል።”

አለቀስኩ። ድምፅ ሳላወጣ፣ ፊቴን ሳልሸፍን ነበር ያለቀስኩት፣ እሷ ስለማታየኝ መደበቅ አላስፈለገኝም ብዬ። ሆኖም ተነስታ መጥታ ቀጥታ እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች፤ አልተደናበረችም። “በቃ አንቺ ልጅ” አለችኝ። “ሐኪም ቤት ብሄድ ‘አንብቢልኝ’ የምትዪኝ አልነበርሽም። ይሄን አስቤ ነው። ስህተት ነው፣ አውቃለሁ። ስህተት አታውቂም እንዳትዪኝ ብቻ።”

ያኔ ያ የጥያቄ ምልክት ትዝ አለኝ። ደብተሩን ያን ቀን ቢሮ ትቼው ነበር፤ ግን አላስፈለገኝም። ዝናቡ፣ የልብስ ማስጫው፣ እኔ በስተግራ፣ ራሷ ወደ ቀኝ። ፊደሉ ያን ቀንም ወደ ቀኝ ነበር ዘመም ያለው፤ እኔ ቦታ ስለቀየርኩ ፊደሉ አይዞርም። እንባዬን ጠርጌ ጠየቅኳት።

“እማዬ፣ በቃልሽ ከያዝሽው ራስሽን ለምን ታዘነብዪ ነበር? ምኑን ለማየት?”

እንደ ሞኝ ጥያቄ ነው የቆጠረችው።

“ፊደሉንማ ይዤዋለሁ፣ ምን ያደርግልኛል? አንቺ ነሽ እንጂ አጠገቡ የምትቆሚው። ቀጥ ብዬ ሳይሽ ትጠፊብኛለሽ። ዘንበል ስል በዳር በኩል ብቅ ትያለሽ። ፊትሽ አይታየኝም፤ ቁመትሽ፣ ደብተር የያዝሽበት ክንድሽ፣ አንገትሽን ስትደፊ ይታየኛል።” ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ “በዚያ ክረምት በጣም ከስተሽ ነበር። ልጠይቅሽ ብዬ ደግሞ ትቸኩያለሽ” አለችኝ።

እውነቷን ነው፣ ከስቼ ነበር። ባሌ የወጣው በዚያ ክረምት ነው። ለእሷ ወር ሙሉ አልነገርኳትም፤ እሷም ሳትጠይቀኝ አሥራ ሁለቱን መስመር እያነበበች ስታየኝ ኖራለች። እኔ ደግሞ እያየችኝ መሆኑን ደብተር ላይ እየመዘገብኩ፣ ፊደሉን ቀስ በቀስ ቀጥ አደርግ ነበር። ሰባት ዲግሪ የተገኘችው እንዲህ ነው። ጓደኞቼ ሲጠይቁኝ ይሄን ልንገራቸው?

አሁን ሐሙስ ሐሙስ እሄዳለሁ። ግድግዳው ላይ ወረቀት የለም፤ አራት የፕላስተር ምልክት ብቻ ቀርቷል፣ ልጥረገው ስላት እንቢ አለችኝ። ሻዬን ተቀምጬ ነው የምጠጣው። ባለፈው ሐሙስ ጨርሼ ብርጭቆውን ሳስቀምጥ “እስቲ እዚያ ቁሚልኝ” አለችኝ። የት እንደሆነ አልጠየቅኳትም። በስተቀኝ በኩል፣ ድሮ በምቆምበት ቦታ፣ እጄን አጣጥፌ ቆምኩ። ራሷን ወደ ግራ ዘንበል አደረገች። ዓይኖቿ በስተግራ ያለው በር ላይ ነበሩ። እኔ ፊቷን አየሁ፣ ሌላ ምንም አላየሁም፤ “ዛሬ ትንሽ ወፍረሻል” አለችኝ።